ኢንሹራንስ ያስጠገናት መኪና አዲስ ጣጣ ስታመጣ

ግጭቱ አለፈ፤ ሰው አልተጎዳም፤ ኢንሹራንሱም ከብዙ ምልልስ በኋላ መኪናዋን ጋራዥ አስገብቶ አሠራት። ፓራውልቱ ያብረቀርቃል፣ ፓራፋንጎው ተቀይሯል፣ ቀለሙም ከሩቅ አይታማም። ቁልፉን ተቀብለው፣ ወረቀቱ ላይ ፈርመው ወጡ። ሳምንት ሳይሞላ መሪው ወደ ቀኝ መሳብ ይጀምራል። ወይ ዳሽቦርዱ ላይ አይተውት የማያውቁት መብራት ይበራል። ወይ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል እግርዎ ሥር ያለው ምንጣፍ ይረጥባል።

ጋራዡ ጋ ሲደውሉ «ድሮም የነበረባት ነው» ይባላሉ። ኢንሹራንሱ ጋ ሲሄዱ «ፈርመው ተረክበው የለ እንዴ?» ይባላሉ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሰለችና ከኪሱ አውጥቶ ያሠራታል። ክርክሩን የሚረታው ግን አዲሱን ችግር ከአደጋው ወይም ከጥገናው ጋር የሚያስተሳስር ወረቀት የያዘ ሰው ነው። የሚጮኽ ደንበኛ በየቀኑ ስለሚመጣ ማንም አይደነግጥለትም።

ይህ ጽሑፍ በዋናነት ሙሉ ኢንሹራንስ ኖሯቸው፣ ኩባንያው በመረጠው ጋራዥ መኪናቸው ለተጠገነላቸው ባለቤቶች ነው። ገንዘቡን ተቀብለው ራስዎ በመረጡት ጋራዥ ካሠሩ፣ ወይም የከፈለልዎ የገጨዎት ሰው ኢንሹራንስ ከሆነ መንገዱ ይለያል፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ፦ ትነዳለች ወይስ ትቁም?

ከክርክር በፊት ሕይወት ይቀድማል። ፍሬን ሲይዙ ወደ አንድ ጎን የምትሸሽ ከሆነ፣ መሪው ላይ የማያውቁት ክፍተት ካለ፣ ጎማው ሲታጠፍ የሆነ ነገር የሚነካ ከሆነ፣ የቤንዚን ሽታ ካለ፣ ያቁሟትና ይደውሉ። በመኪና ማንሻ መወሰድ ካለባት ደረሰኙን ይያዙ፤ ጥፋቱ የጥገናው ሆኖ ከተገኘ ወጪው አብሮ ይጠየቃል።

የሙቀት መለኪያውንም አይናቁት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ክፍት ድስት ላይ የተጣደ ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል። የሞተር ውሃ ከዚያ በላይ ሞቆም ሳይፈላ የሚቆየው የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን አምቆ ስለሚይዝለት ነው። ከፊት የተገጨች መኪና ራዲያተሯ ተቀይሮ የላላው አሮጌ ክዳን ከተመለሰላት፣ ወይም በኩላንት ፈንታ የቧንቧ ውሃ ብቻ ከተሞላች፣ ቦሌ መንገድ ላይ ደህና ሆና እንጦጦን ስትወጣ ትፈላለች። ማራገቢያው በግጭቱ ተጎድቶ ሳይታይ ቀርቶ ከሆነ ደግሞ የትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ቆማ ትሞቃለች፤ መንገድ ሲከፈትላት ትበርዳለች። ሁለቱን ለይተው ከተናገሩ የኢንሹራንሱ መሐንዲስ ግማሽ ሥራው ቀለለለት።

ኤርባግን በተመለከተ አንድ ነገር ይወቁ። ቁልፉን ሲከፍቱ የኤርባግ ምልክቱ ለጥቂት ሰከንድ በርቶ መጥፋት አለበት። በርቶ ከቀረ ጉድለት አለ ማለት ነው። ጭራሹኑ የማይበራ ከሆነ ግን የባሰ ነው፤ አንዳንድ ሠሪ ጉድለቱን በማስተካከል ፈንታ መብራቱን ያጠፋዋል። በአደጋው ኤርባግ ፈንድቶ ከነበረ ቀበቶውንም ይጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ ኤርባጉ ሲፈነዳ ቀበቶውን የሚያጠብቀው መሣሪያም አብሮ ይተኮሳል፤ አንዴ ከተተኮሰ መቀየር እንጂ መጠገን የለውም። በእኔ ግምት ባለቤት በቸልታ የሚያልፈው ትልቁ ነገር ይኼ ነው፤ ቀለም ላይ ያለች ጭረት ታናድደዋለች፣ የማይሠራ ቀበቶ ግን አይታየውም።

ሌላ መካኒክ እንዳይፈታት

የለመዱት መካኒክ ጋ ሄዶ «እስቲ እያት» ማለት ያጓጓል። ያያት፤ ያዳምጣት፤ ከፈለጉም ይንዳት። ብሎን እንዲፈታ ግን አይፍቀዱ። አንድ ክፍል ከተፈታ በኋላ ጋራዡ «ከእኛ ስትወጣ ደህና ነበረች፣ ሌላ ሰው ነክቷታል» ይላል፤ ለዚህ አባባል መልስ የለዎትም። ሳይፈታ የሚሰጥ አስተያየት፣ በተለይ በጽሑፍና በማኅተም ከሆነ፣ በጣም ይጠቅማል።

ቀጥሎ፦ ችግሩ የየትኛው ወገን ነው?

አዲስ የሚመስል ችግር ከሦስት ቦታ በአንዱ ይመጣል። የትኛው እንደሆነ መገመት ያለብዎት ኢንሹራንሱ ቢሮ ከመሄድዎ በፊት ነው፤ ምክንያቱም የሚጠይቁት ነገርና የሚጠይቁት ሰው ይለያያል።

አንደኛው በአደጋው የደረሰ ነገር ግን ያልታየ ጉዳት ነው። የኢንሹራንሱ መሐንዲስ መኪናዋን የሚያየው ብዙ ጊዜ ሳትፈታ ነው። ፓራውልቱ ተሰብሯል፣ መብራቱ ተሰንጥቋል ብሎ ይመዘግባል፤ ከኋላቸው ያለው ብረት መታጠፉ፣ የአየር ማቀዝቀዣው ኮንደንሰር ፀጉር ያህል መሰንጠቁ፣ የጎማው ኩሽኔታ በምቱ መጎዳቱ ከውጭ አይታይም። ጉድጓድ ወይም ጠርዝ የመታ ኩሽኔታ ወዲያው አይጮኽም፤ ብዙ ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ በፍጥነት ልክ የሚጨምር ጉርምርምታ ያመጣል። ይህ ዓይነቱ ጉዳት የዚያው የመጀመሪያው አደጋ አካል ስለሆነ ጥያቄዎ ተጨማሪ ካሳ በዚያው የካሳ ቁጥር ነው። እርስዎ የሚሸፍኑት ተቀናሽ የሚቆጠረው በአደጋ ስለሆነ ሁለተኛ ጊዜ ሊጠየቁ አይገባም።

ሁለተኛው የሥራ ጉድለት ነው። ባትላሜራው በሩን በትክክል አላሰረውም፤ ኤሌትሪሻኑ ሶኬት ሳይሰካ ረስቷል፤ ቀለም ቀቢው ስቱኮው ሳይደርቅ ቀብቶበታል፤ ወይም አዲስ ይቀየር የተባለው ዕቃ ተጠግኖ ተመልሷል። እዚህ ላይ የሚጠይቁት ካሳ አይደለም፤ ሥራው በነፃ እንዲደገም ነው።

ሦስተኛው ከሁለቱም ጋር የማይገናኝ ነው። መኪና ጋራዥ ውስጥ ወር ሁለት ወር ስትቆም ባትሪዋ ይደክማል፤ ከአደጋው በፊት ያለቀ የፍሬን ሸራ አሁንም ያለቀ ነው። ይህንን በሐቀኝነት ለይተው ቢተዉት ለሌሎቹ ጥያቄዎችዎ ክብደት ይሰጣቸዋል። ከኋላ ተገጭቶ «ፍሪሲዮኔም ይቀየርልኝ» ያለ ሰው የሻንጣ ክዳኑ ውሃ ማስገባቱን ሲናገርም አይታመንም።

ለመለየት የሚረዳው ዋናው ነገር የተመታው ቦታ ነው። ከፊት ከሆነ ውሃ ማቀዝቀዣውን፣ የአየር ማቀዝቀዣውን፣ የፊት መብራቱን አቅጣጫ፣ የፊት ጎማዎችን፣ ሞተሩን የሚሸከሙትን ጎማዎች ይጠርጥሩ። ከጎን ከሆነ የበሩን አዘጋግ፣ መስታወት ማውጫውን፣ ሲነዱ የሚገባ የንፋስ ፉጨትን። ከኋላ ከሆነ የመጠባበቂያ ጎማው የሚቀመጥበት ጉድጓድ ውስጥ የሚቋጥር ውሃ፣ የጭስ ማውጫው መነካካት፣ የኋላ ካሜራ። ጎማ የነካ ግጭት ግን ለብቻው ይታይ፤ የቸርኬ መጎበጥ ብቻ ተስተካክሎ ከጀርባው ያለው ዘንግ ጠማማ ሆኖ መቅረቱ የተለመደ ነው።

በእጅዎ የሚሠሯቸው ምርመራዎች

ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። አንዳንዶቹ ጣትዎን ብቻ ይፈልጋሉ።

በኮፈኑና በፓራፋንጎው መካከል ባለው ክፍተት ላይ ጣትዎን በግራ በኩል ከላይ ወደ ታች ያሂዱ፤ ከዚያ በቀኝ በኩል ይድገሙት። ፋብሪካ የሠራው ክፍተት ሁለቱም ጎን እኩል ነው። አንዱ ጋ ጣት የሚያስገባ፣ ሌላው ጋ ወረቀት የማያስገባ ከሆነ ወይ ዕቃው በትክክል አልታሰረም፣ ወይ ከሥሩ ያለው ብረት አልተመለሰም። ኮፈኑን ይክፈቱና ፓራፋንጎውን የያዙትን ብሎኖች ይዩ፤ ቀለማቸው የተላጠው ተፈትተዋል። ፓራፋንጎው «ተቀየረ» ተብሎ ተከፍሎበት ብሎኖቹ ከነፋብሪካ ቀለማቸው ካሉ፣ ጥያቄ አለዎት።

ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለው በተቀባው ብረት ላይ ያሳርፉ። ስቱኮ የበዛበት ቦታ ላይ ማግኔቱ ይዝላል ወይም ይወድቃል። ፕላስቲክ በሆነው ፓራውልት ላይ ማግኔት እንደማይሠራ አይርሱ። የቀለም ውፍረት መለኪያ ያለው ሰው ካገኙ ደግሞ የፋብሪካ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 180 ማይክሮን ነው፤ በብዙ መቶዎች የሚቆጠር ንባብ ስቱኮ አለ ማለት ነው። ስቱኮ በራሱ ወንጀል አይደለም። «ይጠገን» ለተባለ ላሜራ የተለመደ ነው፤ «ይቀየር» ለተባለው ግን የተከፈለበት ዕቃ የት ሄደ ያሰኛል።

መስታወቶቹን ይዩ። እያንዳንዱ መስታወት ጥግ ላይ የአምራቹ ምልክት ታትሞበታል፤ ከፋብሪካ እንደወጣች ያለች መኪና ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው።

ለውሃ ክረምትን አይጠብቁ። በኅዳር የተጠገነች መኪና እስከ ሰኔ ምንም ሳታሳይ ትቆይና በሐምሌ ወለሏ ይረጥባል፤ ያን ጊዜ «ከጥገናው ነው» ለማለት ይዘገያል። ላቫጆ ይውሰዷት፤ አንድ ሰው ውስጥ ተቀምጦ የእጅ ባትሪ ይዞ የበሩን ጎማና የዳሽቦርዱን ሥር እያየ፣ ሌላው ውሃውን በተጠገነው በኩል ለረጅም ጊዜ ያፍስስ። ምንጣፉን ገልጠው ሥሩን በእጅዎ ይንኩ። የኋላ ግጭት ከነበረ የመጠባበቂያ ጎማውን አውጥተው ጉድጓዱን ይዩ።

መብራት ለማየት ማታ ላይ ከግድግዳ ፊት ለፊት ያቁሟት። አንዱ መብራት ከሌላው በግልጽ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ከታየ ፎቶ ያንሱ። በዓመታዊው የቦሎ ምርመራ ላይም ሊጥልዎ የሚችል ነገር ነው።

መሳብ አለመሳቧን ለማየት እሁድ ጠዋት በማለዳ፣ ለጥ ያለ ቀጥ ያለ መንገድ ይፈልጉ። መንገዶቻችን ውሃ እንዲያፈሱ ወደ ዳር ስለሚያዘነብሉ ትንሽ ወደ ቀኝ ማለቷ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። በሁለቱም አቅጣጫ፣ ከተቻለም በተለያየ መሥመር ይንዷት። በየትኛውም አኳኋን ወደ አንድ ጎን ብቻ የምትሄድ ከሆነ ወደ አላይመንት ይሂዱ።

የአላይመንት ወረቀት

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ምክንያቱም ከሁሉም ማስረጃ ርካሹና ጠንካራው ይህ ነው። ዘመናዊ የአላይመንት ማሽን የእያንዳንዱን ጎማ ማዕዘን ይለካና በወረቀት ያትማል፤ ልክ የሆነው በአረንጓዴ፣ ከልክ የወጣው በቀይ ይታያል። አብዛኛው ሰው «አስተካክልልኝ» ብሎ ይሰጣል፣ ተስተካክሎ ይወጣል፣ ወረቀቱን ማንም አይጠይቅም። እርስዎ ግን መጀመሪያ እንዲለካ ብቻ ይጠይቁና ሳይነካ ያሳትሙት። ወረቀቱ ላይ የሰሌዳ ቁጥሩና ቀኑ ይኑር። ከዚያ ሠራተኛውን አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፦ «ይህ በማስተካከያ ይመለሳል ወይስ አይመለስም?»

ልዩነቱ ትልቅ ነው። የጎማ አፍንጫ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞሩ በተራ ማስተካከያ ይመለሳል፤ ከመንገድም ሊመጣ ይችላል። ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መጋደሉ፣ ወይም አንዱ የፊት ጎማ ከሌላው ወደኋላ ማፈግፈጉ ግን በብዙ ትናንሽ መኪኖች ላይ፣ ቪትዝንና ኮሮላን ጨምሮ፣ በቀላሉ የሚስተካከልበት ብሎን የለውም። ልኩ ከወጣ የታጠፈ ነገር አለ፤ ወይ ዘንጉ፣ ወይ አሞርዛተሩ፣ ወይ ዘንጎቹ የታሰሩበት የሻንሲ ክፍል። ቀይ ቁጥሩ ያለው በተገጨው ጎን ከሆነ፣ «የመንገዱ ነው» የሚለው መልስ በዚህ ወረቀት ፊት አይቆምም። ደግሞ ያለ ጊዜው አንድ ጠርዙ የተበላ ጎማ ካለዎት ጎማውን አይጣሉት፤ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡት።

ዳሽቦርድ ላይ መብራት ከበራም ተመሳሳይ ነው። ኮዱን በኮምፒዩተር የሚያነብ ጋራዥ ጋ ሄደው ያስነብቡ፤ ኮዱ ግን እንዳይጠፋ አጥብቀው ይንገሩ። «አጠፋሁልዎት» ማለት ለእነሱ ውለታ ነው፣ ለእርስዎ ማስረጃ መጥፋት ነው።

ፋይሉን ማደራጀት

አሁን ወረቀቶቹን ይሰብስቡ፦ የፖሊስ ሪፖርቱ ካለ እሱን፣ የካሳ መጠየቂያ ቅጹን ቅጂ፣ መሐንዲሱ ያዘጋጀውን የጉዳት ዝርዝር፣ የተመረጠውን ፕሮፎርማ፣ የጥገና ትዕዛዙን፣ የፈረሙበትን መረካከቢያ። ፕሮፎርማውና የጉዳት ዝርዝሩ ከሌለዎት ከካሳ ክፍሉ ቅጂ ይጠይቁ፤ ቁልፉ ያለው እዚያ ነው።

ዝርዝሩን ከመኪናዋ ጋር መሥመር በመሥመር ያስተያዩ። «የፊት ቀኝ መብራት፣ ይቀየር፣ ኦሪጂናል» ከተባለ፣ የተገጠመው ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ ሥራው የሚሰጠው ዝቅተኛ ፕሮፎርማ ላቀረበው ጋራዥ ስለሆነ፣ ያቺ የተቀነሰች ብር ከሆነ ቦታ መምጣት አለባት፤ አንዳንዴ ከዕቃው ትመጣለች። ከሶማሌ ተራ የተገዛ ያገለገለ ዕቃ ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ያገለገለ የፋብሪካ መብራት ከአዲስ ፎርጅድ መብራት ብዙ ጊዜ ይሻላል። ጥያቄው ኢንሹራንሱ ለየትኛው ከፈለ የሚል ነው፤ በአዲስ ኦሪጂናል ሒሳብ ተከፍሎ አሮጌ ከተገጠመ ደግሞ የተታለለው ኢንሹራንሱም ስለሆነ መሐንዲሱ ከእርስዎ ጋር ሊቆም ይችላል።

ፎቶና ቪዲዮ በስልክዎ ይቅረጹ፤ ድምፅ ያለው ችግር ከሆነ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው በሚታይበት ሁኔታ። ከአደጋው በፊት የተነሡ ፎቶዎች ካሉ ይፈልጉ፤ ሠርግ ላይ የተነሣ የመኪና ፎቶ ሳይቀር «ድሮም ነበረባት» የሚለውን ሊያፈርስ ይችላል።

ማን ጋ ይሂዱ?

ኢንሹራንሱ ጋ፤ በቀጥታ። ጋራዡን የመረጠው፣ ትዕዛዙን የሰጠው፣ የሚከፍለውም እሱ ነው። «ከጋራዡ ጋር ተነጋገሩ» ካሉዎት በትሕትና «ውሌ ከእናንተ ጋር ነው፤ ጋራዡን እናንተ አነጋግሩልኝ» ይበሉ። ለጋራዡ መደወል አይከፋም፣ ነገር ግን ከስልክ ጥሪ የሚቀር ነገር የለም።

ጊዜውም ዋጋ አለው። ብዙ ጊዜ የጋራዡ ሒሳብ የሚከፈለው መኪናዋ ከወጣች በኋላ ነው። ክፍያው ሳይለቀቅ የደረሰ አቤቱታ ጋራዡን በማግሥቱ ያስደውለዋል፤ ከተከፈለ በኋላ የመጣ ግን ተራ ይጠብቃል።

አቤቱታዎ በጽሑፍ ይሁን። ቁጣ አይጨምሩበት፤ የሚከተለው ዓይነት ይበቃል፦

«ለ……… ኢንሹራንስ ኩባንያ፣ የካሳ ክፍል። ጉዳዩ፦ በካሳ ቁጥር ……… ተጠግና በተመለሰችው መኪና ላይ የታየ ጉድለትን ይመለከታል። የሰሌዳ ቁጥሯ ……… የሆነ መኪናዬ በ……… ቀን በደረሰባት አደጋ ምክንያት በድርጅታችሁ ትዕዛዝ በ……… ጋራዥ ተጠግና በ……… ቀን ተረክቤያለሁ። በ……… ቀን፣ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ……… ላይ እያለ፣ ወደ ቀኝ እንደምትስብ ተገንዝቤያለሁ። በ……… ቀን ያስለካሁትና ከዚህ ጋር ያያያዝኩት የአላይመንት ውጤት የፊት ቀኝ ጎማ ከልክ ውጭ መሆኑን ያሳያል። አደጋው የደረሰው በዚሁ ጎን ነው። ስለሆነም መኪናዋ በመሐንዲሳችሁ ዳግም እንድትመረመር፣ በምርመራውም ላይ እንድገኝ፣ ውጤቱም በጽሑፍ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። ከርክክቡ በኋላ ምንም ክፍል አላስፈታሁም።»

ሁለት ቅጂ ይዘው ይሂዱ። አንዱን መዝገብ ቤት ገቢ ያስደርጉ፤ በቀሪው ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ያስመቱ። ይህች ማኅተም «አልደረሰንም» ከሚል መልስ ታድንዎታለች። ኢንሹራንሱን የገዙት በደላላ በኩል ከሆነ ለደላላውም ቅጂ ይስጡት፤ ኮሚሽን የሚያገኘው እንዲህ ባለው ቀን ሊሮጥልዎ ጭምር ነው። መኪናዋ በባንክ ብድር የተያዘች ከሆነ ባንኩም ይወቀው፤ መያዣው ነችና።

መሐንዲሱ ሲመጣ

በቦታው ይገኙ። መኪናዋን ራቅ ብሎ አይቶ «ደህና ነች» እንዳይል፣ አብሮዎት እንዲነዳት ይጠይቁ፤ ችግሩ በሚታይበት ፍጥነትና መንገድ ላይ። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ብቻ የሚሰማ ድምፅ ከሆነ መኪናዋ መሐንዲሱ በሚያያት ቦታ አድራ ጠዋት ትነሣ።

ጋራዡ ሊሰጥ የሚችላቸው መልሶች ጥቂት ናቸው። «ድሮም ነበረባት» ካለ፦ መሐንዲሱ አደጋው እንደደረሰ ያዘጋጀው ዝርዝርና ፎቶ ላይ ይህ ተመዝግቧል ወይ? ጋራዡስ መኪናዋን ሲቀበል ቅጹ ላይ ጽፎታል ወይ? ካልጻፈ ለምን አሁን አስታወሰው? «ሲነዳ ይለምዳል» ካለ፦ መቼ እንደሚለምድ ቀኑን በጽሑፍ ይስጥ። ብዙውን ጊዜ አይሰጥም፤ ነገሩም እዚያው ያልቃል። «መንገዱ ነው» ካለ፦ የአላይመንቱን ወረቀት ያውጡ። «ይህ በትዕዛዙ ውስጥ አልነበረም» ካለ ግን እውነቱን ሊሆን ይችላል። ያልታዘዘውን ባለመሥራቱ ጋራዡን አይውቀሱት፤ ያ የመጀመሪያው ዓይነት፣ ያልታየ ጉዳት ስለሆነ፣ መሐንዲሱ ተጨማሪ ትዕዛዝ እንዲጽፍ ይጠይቁ።

ከመሐንዲሱ ጋር ካልተግባቡ የራስዎን ገለልተኛ ባለሙያ አምጥተው አስተያየቱን በጽሑፍ ማያያዝ ይችላሉ።

አንዳንድ ጊዜ አሮጌው ዕቃ በአዲስ ሲቀየር ኢንሹራንሱ «ከዋጋው የተወሰነ ድርሻ ይክፈሉ» ይላል። ያለቀ ጎማ በአዲስ ከተተካ አግባብ አለው፤ ፖሊሲው ምን እንደሚል ይዩ። የሥራ ጉድለት ሲታረም ግን ድርሻ የሚባል ነገር የለም።

የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነች

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ ጋራዦቻችን የሚያዩት መኪና ተለውጧል፤ የሁሉም ጋራዥ ዕውቀት ግን አብሮ አልተለወጠም። ባትሪው ከወለሉ ሥር ስላለ ሥሯ የተመታ መኪና ባትሪዋ የተቀመጠበት ሳጥን መታየት አለበት፤ የተጎዳ ባትሪ ቆይቶም እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል። ከጥገና በኋላ በአንድ ሙሌት የምትሄደው ርቀት በድንገት ከቀነሰ፣ ቻርጅ ስታደርግ ካቋረጠች ወይም የባትሪ ማስጠንቀቂያ ከመጣ፣ ራስዎ ለመፈተሽ አይሞክሩ፤ ቤት ውስጥ ወይም ጋራዥ ጣራ ሥር ቻርጅ አያድርጓት። የፊት መስታወቷ ተቀይሮ ከላይ ካሜራ ካላት ካሜራው እንደገና መለካት አለበት፤ አለበለዚያ መሥመር ጠብቆ የሚያስኬደው ሥርዓት ያለ ቦታው ያስጠነቅቃል፣ ወይም ዝም ይላል።

እምቢ ካሉ

ቅርንጫፉ እምቢ ካለ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት የካሳ መምሪያ፣ በዚያው የገቢ ቁጥር። ከዚያ በላይ ኢንሹራንስ ኩባንያዎችን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ነው፤ አቤቱታ ይቀበላል። መጀመሪያ ለኩባንያው በጽሑፍ ማመልከትዎን ስለሚጠይቁዎት ያ ማኅተም ያለበት ቀሪ እዚህም ያስፈልጋል። ጋራዡን በተመለከተ የሸማቾች ጥበቃ ጉዳይ የሚያየው የንግድ ቢሮ አለ።

ፖሊሲዎ ውስጥ የግልግል አንቀጽ መኖር አለመኖሩን ይዩ፤ ብዙዎቹ ላይ አለ፣ በተለይ ለገንዘብ መጠን ክርክር። ፍርድ ቤት መሄድ ካለብዎ ጊዜውን ይቁጠሩ። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ቢወጣም የኢንሹራንስ ውልን የሚገዛው የ1952 ዓ.ም. ሕግ ክፍል እንደጸና ነው፤ በአንቀጽ 674 መሠረት ከኢንሹራንስ ውል የሚነሣ ክስ በሁለት ዓመት ይታገዳል። «ነገ ይሠራልዎታል» እየተባሉ ሁለት ዓመት ማለፉ ከባድ አይደለም።

ቀደም ብዬ ወዳነሣኋቸው ልመለስ። ገንዘቡን ተቀብለው በራስዎ ምርጫ ካሠሩ የሥራው ጉድለት ተጠያቂ ጋራዡ ብቻ ነው፤ ያልታየ ጉዳት ከተገኘ ግን ኢንሹራንሱን መጠየቅ የሚችሉት «ሙሉ በሙሉ ተከፍሎኛል፣ ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ካልፈረሙ ነው። የከፈለልዎ የሌላው ሰው ኢንሹራንስ ከሆነ ከኩባንያው ጋር ውል ስለሌለዎ የገጨዎትን መኪና ባለቤት ከጥያቄው አይልቀቁት፤ ከውል ውጭ ኃላፊነት የሚነሣ የካሳ ክስም ጊዜው ሁለት ዓመት ነው።

ሁለተኛው ርክክብ

መኪናዋ ዳግም ተሠርታ ሲጠሩዎ ምሽት ላይ አይሂዱ። ጠዋት፣ በብርሃን፣ ጊዜ ይዘው ይሂዱ። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ አሳዩኝ ይበሉ፤ ዕቃው (ሳልቬጅ) ለኢንሹራንሱ የሚመለስ ቢሆንም ማየት ማንም አይከለክልዎትም። አላይመንቱ ተሠርቶ ከሆነ አዲሱን ወረቀት ከአሮጌው ጋር ያስተያዩ። ይንዷት፤ ፍሬን ይያዙ፤ መስታወቶቹን ዝቅ ከፍ ያድርጉ፤ ፍሬቻና የኋላ መብራት ሰው አቁመው ይዩ።

መረካከቢያው ላይ የታተመው ቃል ብዙ ጊዜ «በሙሉ እርካታ ተረክቤያለሁ» የሚል ነው። ከፊርማዎ በላይ በእጅዎ ይጨምሩበት፦ «በውጭ የሚታየውን ብቻ አይቼ ተረክቤያለሁ፤ በአገልግሎት ላይ የሚታይ የተደበቀ ጉድለት ካለ የመጠየቅ መብቴ እንደተጠበቀ ነው።» ሠራተኛው «ቅጹ ላይ መጻፍ አይቻልም» ካለ፣ የማይቻልበትን ምክንያት ጽፎ እንዲፈርምልዎ ይጠይቁት። ከዚያ የወረቀቱን ፎቶ አንሥተው ይውጡ።